የቆየ ኔጋቲቭ በርካሽ ስካነር፦ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ከፊልሙ የሚወጣው ዝርዝር

«ስንት ዲፒአይ ያለውን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ከደብረ ብርሃንም፣ ከመሐል ሜዳም፣ ከደብረ ሲናም ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ ቤታቸው ውስጥ የተጠቀለለ ኔጋቲቭ ያላቸው ሰዎች ናቸው። የወላጆቻቸው ሠርግ፣ የወንድማቸው ክርስትና፣ ለውትድርና ሄዶ በዚያው የቀረ አጎት የተነሳው ጉርድ ፎቶ። ወረቀቱ ፎቶ ጠፍቷል፣ ተቀዷል ወይም ወይቧል፤ ኔጋቲቩ ግን አለ። እኔ ይህን ሥራ የለመድኩት አጎቴ ደብረ ብርሃን ከነበራቸው ፎቶ ቤት የተረፈውን ፊልም ወደ ኮምፒውተር ሳስገባ ነው። አብዛኛው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተነሳ ጥቁርና ነጭ ነው። ገሚሱ 35 ሚሊሜትር፣ ገሚሱ 6 በ6 የሚባለው ሰፊው ፊልም፤ ጥቂት የቀለም ኔጋቲቭና ጥቂት ስላይድም (ምስሉ ሳይገለበጥ እንዳለ የሚታይበት ፊልም) አለበት። ፊልሙ የተለያየ ዓይነት መሆኑ ጠቅሞኛል፤ አንዱ ስካነር ለአንዱ ፊልም ሲበቃ ለሌላው እንዴት እንደሚያንስ በዓይኔ አይቻለሁና። ከሁሉ አስቀድሜ የምለው ይህን ነው፦ ስካነር ከመምረጣችሁ በፊት ፊልማችሁን አውጥታችሁ እዩት። ምርጫውን የሚወስነው እሱ ነው።

ዲፒአይ ማለት ስካነሩ በፊልሙ ላይ በአንድ ኢንች ርዝመት ስንት ነጥብ እንደሚያነብ የሚገልጽ ቁጥር ነው። አንድ የ35 ሚሊሜትር ፍሬም፣ ማለትም ፊልሙ ላይ ያለው አንዱ ምስል፣ ስፋቱ 36 በ24 ሚሊሜትር ነው፤ በኢንች ሲሰላ 1.42 በ0.94 ገደማ። በ2400 ዲፒአይ ሲነበብ 3400 በ2270 ፒክስል፣ ማለትም ወደ 7.7 ሜጋፒክስል ይሰጣል። በ6400 ሲነበብ 55 ሜጋፒክስል አካባቢ ይደርሳል። ሒሳቡ ልክ ነው። ችግሩ ያን ሁሉ ፒክስል የሚሞላ ዝርዝር በምስሉ ውስጥ መኖር አለመኖሩ ነው። አንድ ኩንታል ገብስ በቁናም ተሰፈረ በጣሳ፣ የስፍሩ ቁጥር ይለያያል እንጂ ገብሱ አይጨምርም። የስካነሩ ሌንስ አጥርቶ ያላየውን ነገር ከሥር ያለው ሴንሰር (ብርሃኑን የሚያነበው ክፍል) በሺህ ነጥብ ቢከፋፍለው የሚገኘው ትልቅ ፋይል ብቻ ነው።

ለምሳሌ ብዙ ሰው የሚያውቀው ኤፕሰን ቪ600 የተባለው ጠፍጣፋ ስካነር 6400 ዲፒአይ ይላል። ገለልተኛ የሆኑ ሞካሪዎች በመለኪያ ሰሌዳ ሲፈትሹት ያገኙት ግን 1500 እና 1600 መካከል ነው። ፕላስቴክ ኦፕቲክፊልም 8100 የሚባለውና 35 ሚሊሜትር ብቻ የሚቀበለው ትንሽ ስካነር 7200 ይላል፤ በተግባር የተለካው በ3000 እና በ4000 መካከል ነው። አምራቾቹ የሚጽፉት ሴንሰሩ በአንድ ኢንች ስንት ቦታ እንደሚያነብና ሞተሩ ስንት ጊዜ እየቆመ እንደሚራመድ ነው፤ እሱ እውነት ነው። እናንተ የምታገኙት ደግሞ ሌንሱ፣ ፎከሱ፣ የመስታወቱ ጥራትና የሞተሩ ንዝረት ተደምረው የሚያሳልፉትን ያህል ነው። እኔ የምሠራበት ጠፍጣፋ ስካነርም 6400 ተብሎ የተጻፈበት ነው፤ የሚሰጠኝ ከ1600 ብዙም አያልፍም። ይህን አውቄ ስለምሠራበት ግን ዛሬም በደንብ ያገለግለኛል።

መለኪያ ሰሌዳ ያልኩት የአሜሪካ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው፣ ሦስት ሦስት ሆነው እየቀጠኑ የሚሄዱ መስመሮች ያሉበት መስታወት ነው። መስመሮቹ ተለያይተው የሚታዩበትን የመጨረሻ ቦታ ትፈልጉና ታባዛላችሁ። በአንድ ሚሊሜትር 32 ጥንድ መስመር መለየት ከቻለ 32 በ2፣ ከዚያ በ25.4 ሲባዛ 1626 ዲፒአይ ይሆናል። ሰሌዳው እዚህ በቀላሉ አይገኝም፤ ባይገኝም ሥራ አያስቆምም። አንድ በደንብ ፎከስ የተደረገ ኔጋቲቭ ምረጡ፤ የቀሚስ ጥለት፣ የሣር ክዳን ወይም የሱቅ ሰሌዳ ጽሑፍ ያለበት ቢሆን ጥሩ ነው። ያንኑ ፍሬም በ1200፣ በ2400፣ በ3200 እና በ6400 አንብቡት። ከዚያ ሁሉንም በኮምፒውተር እኩል መጠን ላይ አድርሳችሁ ያንኑ ጥግ ጎን ለጎን እዩ። ከ1200 ወደ 2400 ስትሄዱ የጥለቱ ክር ይበልጥ ይለያል። ከ2400 ወደ 3200 ለውጡ ትንሽ ይሆናል ወይም ከነጭራሹ አይኖርም። ለውጡ የቆመበት ቦታ የእናንተ ስካነር እውነተኛ አቅም ነው። ጥርጣሬ ከቀረ የ6400ውን ፋይል ወደ 2400 አሳንሱትና መልሳችሁ አሳድጉት። ከመጀመሪያው ልዩነት ካላያችሁበት፣ በመካከል የጠፋ ነገር አልነበረም ማለት ነው።

ከዚህ ሙከራ በኋላ በ2400 ማንበብን ልማዴ አድርጌዋለሁ። ከእውነተኛው አቅም ትንሽ ከፍ ብሎ ማንበብ ይጠቅማል፤ እጅግ ከፍ ማለት ግን ጊዜና ዲስክ ከመብላት ውጪ ጥቅም የለውም። ባለ 16 ቢት (ቢት የብርሃኑ ደረጃ ስንት እንደሆነ የሚወስን ቁጥር ነው) ጥቁርና ነጭ ፍሬም በ2400 ወደ 15 ሜጋባይት ይሆናል። ያው ፍሬም በ6400 በቀለም ቢነበብ 330 ሜጋባይት ይጠጋል። መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ከተማ አንድ ፍሬም ደቂቃዎችን ሲወስድና ሲቋረጥ ጉዳቱ ግልጽ ነው። በዚህ ምክንያት ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ፍሬም እንዳነበበ ወዲያው ሴቭ እንዲያደርግ አድርጌ ነው የምሠራው።

አሁን ወደ ፊልሙ መጠን ልመለስ፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው። እውነተኛ አቅሙ 1600 የሆነ ስካነር ከ35 ሚሊሜትር የሚያወጣው 3.4 ሜጋፒክስል ያህል ነው። በ300 ዲፒአይ ሲታተም 19 በ13 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ለአልበም ይበቃል፣ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ያንሳል። 6 በ6 የሚባለው ፊልም ግን የምስሉ ጎን 56 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ያው ስካነር በዚያው አቅሙ ከ12 ሜጋፒክስል በላይ ያወጣለታል፤ 30 በ30 ሴንቲሜትር አድርጎ ማተም ይቻላል። የአጎቴ የስቱዲዮ ጉርድ ፎቶዎች በሰፊው ፊልም የተነሱ ስለሆኑ ርካሹ ጠፍጣፋ ስካነር የዓይን ሽፋሽፍት ሳይቀር ያወጣቸዋል። እንግዲህ ቤታችሁ ያለው ሰፊው ፊልም ከሆነ ለተጨማሪ ዲፒአይ ብር አታውጡ። 35 ሚሊሜትር ከሆነ ግን ወደ ሌላ መንገድ ማየት ያስፈልጋል፤ እመጣበታለሁ።

ቀጥሎ ዳይናሚክ ሬንጅ፣ ማለትም ስካነሩ ከፊልሙ ገላጣ ቦታ እስከ ጠቆረው ቦታ ድረስ ያለውን ሁሉ የማንበብ አቅሙ። ስለ ዲፒአይ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፣ ስለዚህ የሚጠይቀኝ ግን እምብዛም የለም። ብዙ ፎቶ የሚበላሸው ግን እዚህ ላይ ነው። በቀትር ፀሐይ የተነሳ የመንዝ ቤተሰብ አስቡ። አባት ጥቁር በርኖስ ደርበዋል፣ እናት ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። ኔጋቲቩ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ በርኖሱ ብርሃን የሚያሳልፍ ገላጣ ቦታ ይሆናል፣ ጋቢው ደግሞ ከፊልሙ ሁሉ የጠቆረው ክፍል። ስካነሩ በአንድ በኩል ብርሃን እየሰደደ በሌላው በኩል ማለፍ የቻለውን ያነባል። በበርኖሱ በኩል ብርሃን ይተርፋል። በጋቢው በኩል የሚያልፈው ብርሃን ጥቂት ነው፤ የጋቢው ክርና እጥፋት ያለው በዚያች ጥቂት ብርሃን ውስጥ ነው። ያቺ ብርሃን የሴንሰሩ የራሱ ኖይዝ (ሴንሰሩ ራሱ የሚፈጥረው የሐሰት ነጠብጣብ) ከሚያህለው ካነሰች ክሩ አይነበብም።

የፊልም ጥቁረት የሚለካበት ቁጥር አለ። በ0.3 በጨመረ ቁጥር የሚያልፈው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። 1.0 ሲሆን ከብርሃኑ አንድ አሥረኛው፣ 2.0 ሲሆን አንድ መቶኛው፣ 3.0 ሲሆን አንድ ሺኛው ብቻ ያልፋል። በስካነሩ ወረቀት ላይ ዲማክስ ተብሎ የሚጻፈው ስካነሩ ማንበብ የሚችለው ከፍተኛው ጥቁረት ነው፤ ቪ600 ላይ 3.4 ተጽፏል፣ ይኸውም ከ2500 አንድ እጅ የሚያህል ብርሃን ማለት ነው። ይህም ቁጥር ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዳንድ ሻጭ የሚጽፈው ከቢቱ በሒሳብ የወጣውን ነው፦ 12 ቢት ከሆነ 3.6፣ 14 ቢት ከሆነ 4.2፣ 16 ቢት ከሆነ 4.8። ቢት ግን የሚናገረው በነጭና በጥቁር መካከል ያለው ርቀት በስንት ደረጃ እንደሚከፋፈል ነው። ስካነሩ ምን ያህል ጨለማ ውስጥ ዘልቆ እንደሚያይ የሚወስኑት የመብራቱ ጉልበትና የሴንሰሩ ኖይዝ ናቸው። «48 ቢት» ተብሎ በትልቁ የተጻፈውም ለሦስቱ ቀለሞች 16 ቢት 16 ቢት ማለት ነው።

ለኔጋቲቭ ባለቤቶች ግን የምሥራች አለኝ። በአግባቡ የታጠበ ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ በጣም የጠቆረው ክፍሉ ብዙውን ጊዜ ከ2.0 አያልፍም። ፊልሙ ራሱ የፀሐዩንና የጥላውን ልዩነት አጥብቦ ስለሚይዘው፣ ተራ የሚባለው ስካነር ይበቃዋል። የሚያስቸግሩት በመድኃኒቱ ውስጥ ከልክ በላይ የቆዩት ናቸው፤ በመስኮት ብርሃን ስትይዟቸው ጋቢው ድፍን ጥቁር ሆኖ ይታያል። የቀለም ኔጋቲቭ ብርቱካናማ መደብ ስላለው ሰማያዊው ቀለም ብርሃን ያንሰዋል፤ ኖይዙም መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። ስላይድ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ላይ የሚጠቁረው ጥላው ነው፣ ጥቁረቱም 3.5 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተነሳ ስላይድ በርካሽ ስካነር ሲነበብ ጨለማው ክፍል በሚርመሰመስ ነጠብጣብ ይሞላል። ካርቶናችሁ በስላይድ የተሞላ ከሆነ ብራችሁን ለዳይናሚክ ሬንጅ አውጡ።

ነጠብጣቡ የፊልሙ ቅንጣት ነው ወይስ የስካነሩ ኖይዝ የሚለውን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ያንኑ የጠቆረ ቦታ ሳትነኩት ሁለት ጊዜ አንብቡት፣ ሁለቱን ፋይል አንዱን በአንዱ ላይ አድርጋችሁ አፈራርቁ። በቦታው የሚቆየው ከፊልሙ የመጣ ነው። ቦታ የሚቀያይረው ኖይዝ ነው። ኖይዝ ከበዛ ቪውስካንና ሲልቨርፋስት የሚባሉት ፕሮግራሞች ደጋግሞ አንብቦ የማማከል አማራጭ አላቸው፤ አራት ጊዜ የተነበበው ኖይዙ በግማሽ ይወርዳል። ጠፍጣፋ ስካነር ላይ ግን መልሶ ሲያነብ ትክክል በያዘው መስመር ላይ ላያርፍ ስለሚችል ምስሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ እኔ የምጠቀመው ሌላ አማራጭ ላጣሁለት ፍሬም ብቻ ነው።

የዳይናሚክ ሬንጅ ችግር የሚመስለው ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የፕሮግራሙ ሥራ ነው። የአጎቴን ባለቤት፣ እትዬን፣ አጠገቤ አስቀምጬ ከባላቸው ጋር አንኮበር የተነሱትን ፎቶ ስከፍትላቸው ዓይናቸው ቀድሞ ያረፈው ጋቢው ላይ ነበር።

«ይሄን ጋቢ የፈተልኩት እኔ ነኝ። ክሩ የታለ? ነጭ ወረቀት አስመሰልከውኮ!»

«ፊልሙ ላይ አለ እትዬ። ማሽኑ ነው የቆረጠው።»

«እንግዲያው አውጣልኛ፣ የኔ ልጅ።»

አወጣሁላቸው። ፕሮግራሙ አውቶማቲክ ላይ ሲሆን ፎቶው «እንዲያምር» በሁለቱም ጫፍ ያለውን ይቆርጣል፤ ነጩ ድፍን ነጭ፣ ጥቁሩ ድፍን ጥቁር ይሆናል። መፍትሔው አውቶማቲኩን ማጥፋት ነው። ሂስቶግራሙን (የጨለማውንና የብርሃኑን መጠን እንደ ኮረብታ የሚያሳየውን ሥዕል) ክፈቱና የቀኝና የግራው ምልክት ከኮረብታው እግር ወጣ ብሎ እንዲቆም አድርጉ፤ በሁለቱም በኩል ትንሽ ባዶ ቦታ ይተርፍ። ቀለም አልባ 16 ቢት ምረጡ፣ ዝርዝር በማይጥለው የፋይል ዓይነት፣ በቲፍ፣ አስቀምጡ። ጄፔግ 8 ቢት ነው፣ 256 ደረጃ ብቻ አለው፤ የጋቢውን ክር ለማውጣት ስትጎትቱት ይቆራረጣል። እኔ ከዚህም አልፌ ስካነሩ ኔጋቲቭ መሆኑን እንዳያውቅ አደርጋለሁ፦ እንደ ስላይድ እንዲያነበው አዝዤ፣ መገልበጡን በኋላ በፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም እሠራለሁ። ያን ጊዜ ምን እንደሚቆረጥ የምወስነው እኔ ነኝ። መጀመሪያ የሚወጣው ፎቶ ግራጫና ደብዛዛ ይመስላል፤ አትደንግጡ፣ ሁሉም ነገር ውስጡ አለ። በከርቭ (ብርሃኑንና ጥላውን በሚያስተካክለው መስመር) ቀስ እያላችሁ ስታነሱት የጋቢው እጥፋትም የበርኖሱ ሱፍም አብረው ይወጣሉ።

አንድ ሳንቲም ሳያወጡ ጥራት የሚጨመርበት ቦታ ደግሞ የፊልሙ ከፍታ ነው። ርካሽ ጠፍጣፋ ስካነር ፎከሱ አንድ ቦታ ላይ የቆመ ነው፤ ፊልሙ ከመስታወቱ በላይ በትክክል እዚያ ቁመት ላይ ካልሆነ ያለው አቅም እንኳ አይገኝም። በፊልም መያዣው እግሮች ሥር ስስ ካርቶን እየጨመራችሁ አንድ ፍሬም ደጋግማችሁ አንብቡ፤ በጣም የጠራውን ምረጡና በዚያው ጽኑ። የደብረ ብርሃን አየር ከ2800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ብርድና ደረቅ ስለሆነ ፊልም ይጠቀለላል፤ መሐሉ ሲጎብጥ ዳሩ ይጠራል፣ የሰውየው ፊት ይደበዝዛል። በንጹሕ ወረቀት ጠቅልዬ ከባድ መጽሐፍ ሥር አሳድረዋለሁ። በቀጥታ መስታወቱ ላይ መለጠፍ ግን አያዋጣም፤ ቀስተ ደመና የመሰሉ ክቦች ይወጣሉ፣ ፎከሱም ይስታል።

አቧራን በኢንፍራሬድ የሚያጠፋው ዘዴ ለቀለም ኔጋቲቭ ግሩም ነው። ለተለመደው ጥቁርና ነጭ ፊልም ግን አይሠራም፤ ምስሉን የሠራው ብር ራሱ ኢንፍራሬዱን ስለሚጋርደው ፕሮግራሙ የሰውን ፊት አቧራ ነው ብሎ ይደመስሳል። አጥፉትና በእጅ መንፊያና በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። ፊልማችሁ ሁሉ ጥቁርና ነጭ ከሆነ ለዚህ አገልግሎት ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ።

በእጅ የሚያዙት፣ ኮምፒውተር እንኳ የማይፈልጉት ትንንሾቹ ፊልም ማንበቢያዎች ውስጣቸው ያለው አነስተኛ ካሜራና የጀርባ መብራት ነው። «22 ሜጋፒክስል» የሚለው ብዙ ጊዜ ከ14 ሜጋፒክስል ሴንሰር በስሌት የተነፋ ነው፤ የሚያስቀምጡት በጄፔግ ነው፣ ብርሃኑንም ራሳቸው ወስነው ጋቢውን ይቆርጡታል። በካርቶኑ ውስጥ ምን እንዳለ ቶሎ ለማየት ይጠቅማሉ፤ ለዘለቄታ ለሚቀመጥ ፋይል አልመክራቸውም።

ለ35 ሚሊሜትር እኔ ራሴ አሁን የያዝኩት መንገድ ካሜራ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ የሠርግ ፎቶ የሚያነሱ ልጆች 24 ሜጋፒክስል ካሜራ አላቸው። ትንሽ ነገር ከቅርብ የሚያነሳው ማክሮ ሌንስ ከተገኘ፣ ፊልሙን በኤልኢዲ ሰሌዳ ላይ ዘርግቶ ከላይ ማንሳት ይቻላል። 6000 ፒክስል በ36 ሚሊሜትር ላይ ሲያርፍ 4200 ዲፒአይ ይጠጋል፤ ሌንሱ ጥሩ ከሆነ ከዚያ ላይ የሚጠፋው ትንሽ ነው። ካሜራው ያየውን ሳይነካካ በሚያስቀምጥበት በሮው ፋይል ሲነሳ ዳይናሚክ ሬንጁ ለጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ከበቂ በላይ ነው፣ ጊዜውም በፍሬም ሰከንዶች ነው። ዋናው ነገር ካሜራውና ፊልሙ ፊት ለፊት ሳይዘነበሉ መቆማቸው ነው። ፊልሙ በሚቀመጥበት ቦታ ትንሽ መስታወት አኑሩና በካሜራው ተመልከቱ፤ የሌንሱ ምስል ልክ መሐል ላይ ከታየ ቀጥ ብሏል። የክፍሉን መብራት አጥፉ፣ በእጅ ሳይሆን በሰዓት ቆጣሪ አንሱ፣ ዲያፍራሙን (የሌንሱን ቀዳዳ) 8 አካባቢ አድርጉ።

እንግዲህ ለጠየቃችሁኝ፦ ሰፊው ፊልም ላላችሁ ያገለገለ ጠፍጣፋ ስካነር ይበቃል፣ የፊልም መያዣው መኖሩን ግን ሳታዩ አትክፈሉ። 35 ሚሊሜትር ብቻ ላላችሁና ካሜራ ለሌላችሁ እንደ ፕላስቴክ ያለው ይሻላል፤ ፍሬሙን አንድ በአንድ በእጅ መግፋት አለበት፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ካሜራ ያለው ዘመድ ላላችሁ መጀመሪያ እሱን ሞክሩ።

ከየትኛው ፊልም ልጀምር ለምትሉ ደግሞ፣ ሸዋ ሮቢትና አጣዬን በመሰለ ሙቀት ባለበት ቦታ ከተቀመጠው ጀምሩ። ሙቀትና እርጥበት አሲቴት የሚባለውን የፊልም መደብ ያፈርሱታል። ቆርቆሮውን ስትከፍቱ ኮምጣጤ ከሸተታችሁ መፍረሱ ጀምሯል፤ ያን ፊልም ከሌላው ለዩት፣ አየር በሚገባው የወረቀት ፖስታ አድርጉት፣ መጨማደድ ሳይጀምር በዚያው ሳምንት አንብቡት። ደጋ ላይ የነበረው ተራውን ሊጠብቅ ይችላል።